የአሮጌ ስፖርት ሞተር ፌሪንግ አልገጥም ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሃያ አምስት ሠላሳ ዓመት የሞላው ስፖርት ሞተር፣ ለምሳሌ የ1990ዎቹ ሆንዳ ሲቢአር 600 ወይም የ1999 ያማሃ አር6 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ አንተ እጅ እስኪገባ ድረስ ፌሪንጉ (ሞተር ሳይክሉን ከፊትና ከጎን የሚሸፍነው ፕላስቲክ) ስንቴ ተፈትቶ ስንቴ እንደተገጠመ የሚያውቅ የለም። አንዱ ባለቤት ስፔሰር (ብሎኑ የሚያልፍበትን ትንሽ የብረት ቱቦ) ጥሏል። ሌላው ያገኘውን ብሎን አስገብቶበታል። ሌላው ደግሞ ወድቆበት በእጁ አቃንቶ ሸጦታል። ስለዚህ “ፕላስቲኩ አርጅቷል” ብለህ ከመፍረድህ በፊት የያዙትን ትንንሽ ዕቃዎች እያቸው።

በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ተሰንጥቋል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ፌሪንግ ተጠርቅሞ እንዲታሰር አልተሠራም። ጎማ ላይ ተቀምጦ ትንሽ እንዲላወስ ነው የተሠራው። ቀዳዳው ላይ ወገቡ የተቦረቦረ ክብ ጎማ አለ፤ ፕላስቲኩ እዚያ ቦይ ውስጥ ይገባል። በጎማው መሀል ደግሞ አንድ ጫፉ ከንፈር ያለው አጭር የብረት ቱቦ ይገባል። ስፔሰር የምንለው እሱን ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ኃይሉን የሚቀበለው ይሄ ብረት ነው፤ ጎማው በስሱ ይጨመቃል፣ ፕላስቲኩን ምንም አይነካውም። ስፔሰሩ ከሌለ ግን የብሎኑ ራስ ፕላስቲኩን ይጫነዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀን በፀሐይ ሲግል ማታ ሲቀዘቅዝ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ቀጭን ስንጥቅ ይነሳና ወደ ውጭ ይሄዳል።

በካሊፐር (ውፍረት በሚለካበት መሣሪያ) መጀመሪያ ያልተጨመቀውን የጎማ ውፍረት ለካ። ቀጥሎ የቱቦውን ርዝመት፣ ከንፈሩን ሳትጨምር። ቱቦው ከጎማው ግማሽ ሚሊ ገደማ ቢያጥር ጥሩ ነው። በጣም ካጠረ ጎማው ተደፍጥጦ ጭነቱ ወደ ፕላስቲኩ ያልፋል። ከጎማው ከረዘመ ደግሞ ብሎኑ ጥብቅ ብሎ ፌሪንጉ ይንቀጫቀጫል። ጎማ የሌለበት ቀዳዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገባው አንገት ያለው ብሎን ነው፤ ከራሱ ሥር ጥርስ የሌለው ወፈር ያለ ክፍል አለው፣ ሥራው ያው የስፔሰር ነው። በእሱ ቦታ ተራ ብሎን ካገኘህ ስንጥቁ ከየት እንደመጣ አወቅህ ማለት ነው።

የጎደለውን ለማወቅ የሞተርህን ሞዴልና ዓመት ይዘህ የዕቃዎቹን ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ፈልግ። ብሎኖቹ ከነመጠናቸው ተዘርዝረዋል፤ 6×14 ካለ ውፍረቱ 6 ሚሊ፣ ርዝመቱ 14 ሚሊ ነው። አዲስ አበባ ከሆንክ ኦርጅናል ስፔሰር ፍለጋ ከመንከራተት ልኩን ይዘህ ቶርኖ ቤት ብትሄድ ይሻላል፤ ከአሉሚኒየም ቆርጠው ይሠሩልሃል፣ ለእነሱ ይሄ ሥራም አይባል። ሮንዴላ ደራርቦ ስፔሰር ማስመሰል ግን ይቅርብህ። እየተንሸራተተ ጎማውን ይበላዋል።

የተሰነጠቀውን ለመጠገን የፌሪንጉን ጀርባ አገላብጠህ ኤቢኤስ (ABS፣ የፕላስቲኩ ዓይነት ስም) የሚል ጽሑፍ መኖሩን እይ። ካለ የዚያኑ ዓይነት ፕላስቲክ ስብርባሪ በአሴቶን አሟሟና እንደ ወፍራም ሙጫ ሲሆን በጀርባ በኩል ቀባው። ከዚያ በፊት ግን የስንጥቁ መጨረሻ ላይ በትራፓኖ 2 ወይም 3 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ፣ አለዚያ ስንጥቁ ጉዞውን ይቀጥላል። አሴቶን ቀለም ስለሚልጥ የፊቱን ገጽ እንዳይነካ። በደንብ እስኪደርቅ ቢያንስ አንድ ቀን ተወው።

ስፔሰሩ እያለም ከተሰነጠቀ የብሎን ማጣበቂያ ተቀብቶበት እንደሆነ ጠርጥር። ብሎን እንዳይላላ የሚቀባው ፈሳሽ ኤቢኤስን ያደርቀውና ያፈረካክሰዋል። ፌሪንግ አጠገብ አታምጣው። የፍሬን ዘይትም እንደዚያው ጠላቱ ነው።

ብሎኑ ጠበቀ፣ ፌሪንጉ ግን ላላ ነው

ወይ ስፔሰሩ ረዝሟል፣ ወይ ብሎኑ። ረጅም ብሎን ድፍን ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ወለሉን ሲነካ የጠበቀ ይመስልሃል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ራዲያተር አካባቢ ያለው ነው፤ ጥቂት ሚሊ የረዘመ ብሎን ራዲያተሩን ሊወጋው ይችላል። ስትፈታ ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርጽ ሳልና እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰካው። የልጅ ሥራ ይመስላል፣ ግን ብዙ ጣጣ ያድናል።

በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይንጫጫል

ሞተር ሳይክሉን አቁመህ፣ ሞተሩን ግን ሳታጠፋ ጋዝ እየሰጠህ ድምፁ የሚመጣበትን ቦታ በመዳፍህ ተጫን። ዝም ካለ እዚያ ያለው ጎማ ደርቋል ማለት ነው። ጎማው ርካሽ ነው፣ ለውጠው። ሁለት ፕላስቲክ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀጭን ስፖንጅ ለጥፍ።

የመጨረሻው ቀዳዳ አልገናኝ አለ

በጉልበት አትሳበው። መጀመሪያ ሁሉንም አላላ። አንዱን ጎን አጥብቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ሁሌም መጨረሻ ላይ ይቸገራል። ከፊት ጀምር፣ ጎኖቹን ቀጥል፣ የታችኛውን ጨምር፣ ሁሉም ብሎን በጣት ሁለት ሦስት ዙር ከያዘ በኋላ ብቻ አጥብቅ። ስታጠብቅ አጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ይበቃል።

አሁንም አንድ ጎን ብቻ እምቢ ካለ የፊት ፌሪንጉንና መብራቱን የተሸከመውን ብረት እይ። ሞተሩ ወድቆ ከሆነ መጀመሪያ የሚጣመመው እሱ ነው። ፊት ለፊት ቁመህ መብራቱ ከፊት ጎማው ጋር መስመር ላይ መሆኑን አስተያይ፣ ከመሪው ጫፍ እስከ ፌሪንጉ ጠርዝም በግራና በቀኝ ለካ። ከተለያየ ብረቱን አቃናው ወይም ለውጠው። የፕላስቲኩን ቀዳዳ ማስፋት መፍትሄ አይሆንም።

ከቻይና የመጣ አዲስ ፌሪንግ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ላይ ቀዳዳ በክብ ሊማ ትንሽ ማስፋት የተለመደ ነው፣ የጠመመውንም በፀጉር ማድረቂያ አሙቀህ ታቃናዋለህ። ቀለም ከመቀባትህ በፊት አንዴ ሙሉውን ገጥመህ ሞክረው።

ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል

ከጀርባ ያለው ቅንጥብ ዳዶ ወይም የፊት መስታወቱ (የንፋስ መከላከያው) ጎማ ለበስ ዳዶ አብሮ እየዞረ ነው። ፌሪንጉን ወደ ራስህ ሳብ እያደረግህ ፍታው። ጎማ ለበሱን ከኋላ በፒንሳ ያዘው። መልሰህ ስትገጥም አዲስ አድርግ፣ የመስታወቱን ብሎን ከፕላስቲክ ሮንዴላው ጋር አስገባና ጎማው ማበጥ ሲጀምር አቁም። ከዚያ በላይ ካጠበቅህ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ከመንዳትህ በፊት

ሞተሩን አስነስተህ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው። ፌሪንግ ወይም መስታወት ከነካ፣ ወይም ስታዞር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ፣ የጋዝ ገመዱ ተወጥሯልና አትንዳው። የራዲያተሩ ፋን የሚነካው ሽቦ እንዳይኖርም እይ። አንድ አጭር ዙር ነድተህ ስትመለስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጋቸው።