የማዘርቦርድ ቺፕሴት ማቀዝቀዣ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚያዝያ ላይ ነበር። እዚህ ባሕር ዳር፣ በፔዳ በር አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ የሚሠሩ አንዲት እናት ኮምፒውተራቸውን በባጃጅ ጭነው ወደ ሱቄ መጡ። «ልጄ፣ ይህ እንደ ተርብ የሚጮኸው ምንድን ነው? ተማሪዎቹ የሚሉኝን እንኳ መስማት አቃተኝ» አሉኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ስመለከት የሚጮኸው የሲፒዩው ፋን አልነበረም። ከግራፊክስ ካርዱ ሥር፣ ቺፕሴቱ ላይ (የኮምፒውተሩን ክፍሎች እርስ በርስ በሚያገናኘው የማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ) የተቀመጠች አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ፋን ቅባቷ ደርቆ፣ አቧራ ውጧት ትንገታገታለች።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፋኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ገደማ ኤንፎርስ 4 ቺፕሴት በነበራቸው ማዘርቦርዶች ላይ የተለመዱ ነበሩ። በ2019 ኤኤምዲ ኤክስ570 የተባለውን ቺፕሴት ሲያወጣ ደግሞ ተመልሰው መጡ። ፋኗ ስትዳከም የሚሻለው የፋብሪካውን ማቀዝቀዣ አንሥቶ ክንፎቹ ረዘም ያሉ፣ ፋን የማይፈልግ ሌላ ማቀዝቀዣ መግጠም ነው። ሥራው ለሠለጠነ እጅ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሆኖም ቺፕሴት እንደ ሲፒዩ ወይም እንደ ሚሞሪ ከማስቀመጫው ነቅለው የሚተኩት ዕቃ አይደለም፤ በሥሩ ባሉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የመበየጃ (ሊድ) እንክብሎች ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል። እርሱ ከተጎዳ ማዘርቦርዱ ሄደ ማለት ነው። ለአሮጌ ማሽን ተተኪ ማዘርቦርድ ደግሞ እኛ ጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ካሉ ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል ይፈለጋል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ያየኋቸው ወይ በሌሎች እጅ ተሠርተው ነው፣ ወይ በራሴ እጅ።

መቀየር የማያስፈልገውን መቀየር

ብዙ ሰው ማቀዝቀዣውን በጣቱ ይነካና «ያቃጥላል» ብሎ ይወስናል። ጣታችን ግን 50 ዲግሪ ሲያልፍ ጀምሮ ያመናል፤ አብዛኞቹ ቺፕሴቶች ደግሞ እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እጅን ያቃጠለ ሁሉ አልተበላሸም።

የቺፑን ዓይነት ማወቅ ከጣት ይልቅ ያስተማምናል። ሚሞሪውን የሚቆጣጠረው ክፍል በቺፕሴቱ ውስጥ በነበረበት ዘመን እንደ ኢንቴል 945ጂ እና ፒ45 ያሉት እስከ 22 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጩ ነበር። ኤኤምዲ ከ2003፣ ኢንቴል ከ2008 ጀምሮ ያንን ክፍል ወደ ሲፒዩው ካዛወሩት በኋላ የቺፕሴቱ ሸክም ቀለለ። የኢንቴል ኤች61 ቺፕሴት 6.1 ዋት፣ ኤች81 ደግሞ 4.1 ዋት ብቻ ነው። በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው እንዲህ ያሉ ማሽኖች የፋብሪካቸው ትንሽ አልሙኒየም ይበቃቸዋል፤ አቧራውን ካራገፉላቸው ሌላ አይጠይቁም።

ኮምፒውተሩ በድንገት የሚጠፋ ወይም የሚቆም ከሆነ በመጀመሪያ በሲፒዩው ዙሪያ የቆሙትን በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች ይመልከቱ። አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ ችግሩ እነርሱ ጋ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጡ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ በሽታ እጅግ የተስፋፋ ነበር። ምንም ያህል ውድ ማቀዝቀዣ ቢገጥሙ ያበጠ ካፓሲተር አይድንም።

አንድ ነገር ግን ለእኛ ከተማ ልጨምር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ከብረት ላይ ሙቀት የማንሣት ዐቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ለዚህ ቺፕ ይበቃል» የተባለ ፋን አልባ ማቀዝቀዣ እኛ ጋ በጠባቡ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ሁለት መጠን ካለው ተለቅ ያለውን መምረጥ ተገቢ ነው፤ ቦታ ካለ።

ሳይለኩ ማዘዝ

ቦታ መኖሩ የሚታወቀው ደግሞ በመለካት ነው። ማቀዝቀዣው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው፦ በማዘርቦርዱ ላይ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች በሚገቡ ሞላ ያላቸው የፕላስቲክ ካስማዎች፣ ወይም በማዘርቦርዱ ላይ በተበየዱ የሽቦ ቀለበቶች ላይ በሚታሠር ማሠሪያ። ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። ቀዳዳ ከሆነ ከመሃል እስከ መሃል ያለውን ርቀት በሰያፍ ይለኩ፤ ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ ይለያያልና በዓይን አይገመትም።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። ቺፕሴቱ በግራፊክስ ካርዱ ሥር ከዋለ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ ቁመት ያለው ማቀዝቀዣ ካርዱን አያስገባም። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ከካርቶን የማቀዝቀዣውን ቁመትና ስፋት ያህል ቆርጬ ቺፑ ላይ አቆምና ካርዱን፣ ሚሞሪውንና የሲፒዩውን ማቀዝቀዣ በየቦታቸው እገጥማለሁ። ካርቶኑ ከታጠፈ ዕቃው አይታዘዝም። ማቀዝቀዣው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ተጭኖ፣ ወራት ተጠብቆ በሚደርስበት አገር «አልሆነም» ብሎ መመለስ አይታሰብም።

አሮጌውን ጎትቶ ማንሣት

ብዙ ማዘርቦርድ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል በፋብሪካ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) በዓመታት ውስጥ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሳበ ሰው ቺፑን ከነእንክብሎቹ ሊነቅለው ይችላል። በካቻቢቴ ጫፍ ከሥር የፈነቀለው ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ፀጉር መሳይ የመዳብ መስመሮች ይቆርጣል።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሩብ ሰዓት ያህል አሠርተው ያሙቁት፤ የሞቀ ቅባት ይለሰልሳል። ከዚያ ያጥፉትና ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የሳጥኑንም ብረት ነክተው በገላዎ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ያስወግዱ። ማዘርቦርዱን ከሳጥኑ አውጥተው ይገልብጡት። የካስማዎቹ ጫፍ በጀርባ በኩል ተከፍቶ ይታያል፤ በቀጭን ፒንሳ ጨመቅ ሲያደርጉት ሞላው ራሱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሞላው እንዳይፈናጠር በሌላው እጅዎ ጣት ይያዙት። የወጡትን ካስማዎች አይጣሉ፤ የአዲሱ ካስማ ቢሰበር ያድኑዎታል።

ማቀዝቀዣው ነጻ ከሆነ በኋላም አይሳቡት። በቀስታ ወደ ግራ፣ በቀስታ ወደ ቀኝ እያጠማዘዙ ይጠብቁ። እምቢ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ጥቂት ያሙቁትና ይድገሙ። በሚጣበቅ ቴፕ የተያዘ ከሆነ ደግሞ እኛ ጋ የማይታጣ መሣሪያ አለ፦ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር። ቀጭኑን ይምረጡና በማቀዝቀዣውና በቺፑ መካከል አስገብተው እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ ይሳቡት። ክሩ በቺፑ ዙሪያ ካሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ጋር እንዳይጠላለፍ ብቻ ዓይንዎን አይንቀሉ። ሁለት ውሕድ ተቀላቅሎ በሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ የተጣበቀውን ግን ክሩም አያላቅቀውም። እንዲህ ያለውን ማቀዝቀዣ ባለበት ትቶ አየር የሚያደርስለት ፋን ከጎኑ ማቆም ይሻላል።

በተገኘው ነገር ማጽዳት

ከኮቪድ ወዲህ በየሱቁ የተረፈውን የእጅ ማጽጃ የሚጠቀሙ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር የሚዘጋጀው የእጅ ማጽጃ እጅ እንዳይደርቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል ይጨመርበታል፤ ያ ግሊሰሮል ሳይተን ቺፑ ላይ ይቀራል። ቤንዚን ፕላስቲክ ይጎዳል፣ አረቄም ውሃው ብዙ ነው። የሚያስፈልገው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ከመድኃኒት ቤት ከሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ሌላ ካልተገኘ ጨርቁን ብቻ ነክረው ይጥረጉ፣ ከዚያም እስኪደርቅ ሳይቸኩሉ ይቆዩ።

ቅባቱን፣ ላስቲኩንና ሙጫውን ማምታታት

ቴርማል ፔስት የሚቀባው በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን የፀጉር ያህል ክፍተት ለመሙላት ነው። አየር ከአልሙኒየም ጋር ሲነጻጸር ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ በሺዎች እጥፍ ያንሳልና በመካከል የቀረ አየር ሁሉ እንቅፋት ነው። ቅባቱም ቢሆን ከብረቱ እጅግ ያነሰ ስለሚያስተላልፍ ሲበዛ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ከአንድ የምስር ክክ የማይበልጥ ይበቃል።

ሆኖም በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ቺፑን አይነካም፤ በመካከላቸው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ለስላሳ ላስቲክ ተነጥፏል። ያንን አንሥቶ በምትኩ ቅባት የቀባ ሰው በቺፑና በብረቱ መካከል ባዶ ቦታ ትቷል። አዲሱ ማቀዝቀዣ ቺፑን በእርግጥ መንካቱን ለማወቅ አንድ ጊዜ ተጭነው አንሥተው የቅባቱን አሻራ ይመልከቱ። ብረቱ ላይ ሙሉ አሻራ ካልወጣ አልነካም።

ስለ ሱፐር ግሉ ልናገር። ሙቀት ለማሳለፍ የተሠራ አይደለም፣ ሲደርቅም በዙሪያው ነጭ ጭጋግ ይተዋል። ፈሳሽ ብረት የሚባለው ቅባትም ጋሊየም ስላለው አልሙኒየምን ይበላዋል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

በአንድ ወገን መጫን

ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት ኮምፒውተሩን አመጣልኝ። አሮጌውን ማቀዝቀዣ በደኅና አነሣሁ፣ አጸዳሁ፣ ቅባቱን ቀባሁ። ከዚያ አንዱን ካስማ እስከ መጨረሻው ጫንኩና ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ። የሲሊከኑ አንድ ማዕዘን ተሸርፎ ነበር፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ በኋላ አልተነሣም። «ወንድሜ፣ ሙሽሮቹ እኮ ቅዳሜ ይጠብቁኛል» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሃርድ ዲስኩን በሌላ ማሽን ላይ ገጥሜ ቪዲዮውን አስረከብኩት፤ የማዘርቦርዱን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ያ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ብዙዎቹ ቺፕሴቶች የብረት ክዳን የላቸውም፤ በመሃላቸው ጉብ ብሎ የሚታየው አንጸባራቂ ገጽ ራሱ ሲሊከኑ ነው፣ እንደ መስታወትም ይሰበራል። ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን ሲዘነብል ክብደቱ ሁሉ በአንዲት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለቱን ካስማዎች በአንድ ጊዜ፣ በሁለት እጅ፣ እኩል ይጫኑ። ብሎን ከሆነ አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ ሞላው ሲጨመቅ ይቁሙ። በብሎኑና በማዘርቦርዱ መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሮንዴላ ይግባ። በፋብሪካው ማቀዝቀዣ ሥር አራት የስፖንጅ ቁርጥራጮች ከነበሩ ለአዲሱም ያስፈልጋሉ፤ የእነርሱ ሥራ ማቀዝቀዣው እንዳይዘነብል ደግፎ መያዝ ነው።

ነፋሱን መርሳት

ፋን የሌለው ማቀዝቀዣ ነፋስ አይፈልግም ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው የሲፒዩው ፋን ወደ ታች ነፍቶ በሚያተርፈው ነፋስ ነው። የሲፒዩውን ማቀዝቀዣ ወደ ጎን በሚነፋ ረጅም ዓይነት በለወጡ ማግስት ቺፕሴቱ ያ ነፋስ ይቋረጥበታል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በአዲሱ የቺፕሴት ማቀዝቀዣ ላይ ያደርጋል። ክንፎቹንም ነፋሱ በመካከላቸው እንዲያልፍ አድርገው ያቁሙ።

ፋኗ ስትነሣ አንዳንድ ማዘርቦርድ «ፋን ቆሟል» ብሎ ሲነሣ ይጮኻል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ የዚያችን ፋን ቁጥጥር ብቻ ማጥፋት ይበቃል፤ የሲፒዩውን ፋን ቁጥጥር አብሮ ማጥፋት አደጋ ነው። አሮጌዋን ፋን ለማቆየት የሚፈልግ ቢኖር የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት አንድ ጠብታ ጥቂት ጊዜ ያስኬዳታል። የምግብ ዘይት ግን ቆይቶ ይረጋና ይባስ ያንቃታል።

እንደ ድሮው መሸከም

ሳጥኑ ሲቆም ማዘርቦርዱም ይቆማል፤ ማቀዝቀዣው ያኔ በግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ዕቃ በሁለት ካስማ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከመዳብ የተሠራ ከባድ ማቀዝቀዣ ያለው ኮምፒውተር በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ሲንገጫገጭ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም።

እኒያ እናት ኮምፒውተራቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ድምፁም ጠፍቶ ነበር። «እትዬ፣ ሳጥኑን ማዘርቦርዱ በሥር፣ ማቀዝቀዣው ከላይ እንዲሆን በጎኑ ያስተኙት፤ መቀመጫው ላይ አያስቀምጡት፣ ጭንዎ ላይ ይያዙት» አልኳቸው። ነጠላቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አነጠፉና ሳጥኑን ተቀበሉኝ። ባጃጁን የሚነዳውን ልጅ «ቀስ በል» ሲሉት ሰማሁ።