አይነሳም፣ ይንቀራፈፋል፣ ይጠፋል፦ በአነስተኛ በጀት የሚገጣጠም የጌም ኮምፒውተር፣ የማዘርቦርድና የፕሮሰሰር ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ለጌም ተብሎ ተገጣጥሞ "ተበላሸ" ተብሎ ወደ ጥገና ቤት የሚገባ ኮምፒውተር ሲከፈት ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ነገር አይገኝበትም። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አእምሮ) ደህና ነው፣ ማዘርቦርዱም (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ደህና ነው፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ስህተቱ የተሠራው ዕቃው በተገዛበት ቀን ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭኖ ለሚመጣለት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መልሶ መላክ ሌላ የጭነት ሒሳብ፣ ሌላ ሳምንት፣ ከሻጩ ጋርም ሌላ ክርክር ነው። ወልድያ፣ ላሊበላ ወይም መካነ ሰላም ላለ ሰው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምልክቶች ኮምፒውተሩ ያስቸገራችሁም ገና ልትገዙ ያሰባችሁም አንብቧቸው።

ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው

ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጠው ምልክት ይህ ነው። አብሽሩ፣ ቦርዱ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት የሚታዩ አራት ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ ተመልከቱ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም በ"ኤፍ" ካለቀ፣ ለምሳሌ ኮር አይ3-12100ኤፍ ወይም ኮር አይ5-12400ኤፍ፣ ውስጡ ግራፊክስ የለውም። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5500 እና 5600ም እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች የማዘርቦርዱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ምንም ምስል አያወጣም፤ ገመዱ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት አለበት። ካርድ ገና ካልተገዛ ኮምፒውተሩ ምስል የሚያመጣበት መንገድ የለም። "አሁን ቦርድና ፕሮሰሰር፣ ዕቁቡ ሲደርሰኝ ካርድ" ብሎ ላሰበ ሰው የምንመርጥለት ራይዘን 5 5600ጂን ነው። ውስጡ ያለው ቬጋ ግራፊክስ ቀለል ያሉ ጌሞችን በዝቅተኛ ሴቲንግ ያጫውታል። ካርድ ከገባ በኋላ ግን ከ5600 ያንሳል፤ ምክንያቱም ኤል3 ካሹ (ውስጡ ያለው ፈጣን ማከማቻ) 16 ሜጋባይት ነው፣ የ5600 ደግሞ 32። ካርዱ ዛሬውኑ የሚገዛ ከሆነ 5600ን ውሰዱ።

ሁለተኛው ባዮስ ነው፤ ቦርዱ ላይ የተጻፈ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም። ለራይዘን የሚሆነው ቢ450 ማዘርቦርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች የወጡት በ2020 መጨረሻ። ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ያው ኤኤም4 ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ቦርዱ ላይ ያለው አሮጌ ባዮስ ግን አያውቀውም፣ ስለዚህ ዝም ይላል። የኢንቴሉ ኤች610 ቦርድም ለ12ኛው ትውልድ ወጥቶ ቆይቶ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ሲገባበት ይኸው ነው የሚገጥመው።

መፍትሄው ባዮሱን ማደስ ነው። ከቦርዱ ጀርባ የባዮስ ፍላሽ ቁልፍ ካለ ፕሮሰሰር ባይኖርበት እንኳ ይታደሳል። ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ በቦርዱ ሙሉ ስም አውርዱ፤ የመጨረሻዋ ፊደልና የሪቪዥን ቁጥሯ ሳትቀር መመሳሰል አለባት። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፣ የፋይሉን ስም በማንዋሉ በታዘዘው መሠረት ለውጡ፣ ምልክት በተደረገበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰኩ። የኃይል ገመዶቹ፣ 24 ፒኑና የፕሮሰሰሩ 8 ፒን፣ ተሰክተው ቁልፉን 3 ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ መብራቱ መብለጭለጩን እስኪያቆም ምንም አትንኩ። ቁልፍ የሌለው ቦርድ ከሆነ እንደ ራይዘን 5 2600 ያለ ቀደምት ፕሮሰሰር ለግማሽ ሰዓት ተውሶ፣ በእሱ አስነስቶ ማደስ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። ጽሕፈቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ቁልፍ የሌለው ቦርድ ዳግም የሚነሳው ብዙ ጊዜ የባዮሱ ቺፕ በፕሮግራመር (ቺፕ ላይ በሚጽፍ መሣሪያ) ሲጻፍ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ቢ550 እና ኤ520 ከቢ450 አዲስ ስለሆኑ አሮጌውን ሁሉ የሚቀበሉ ይመስላሉ። ለራይዘን 2000 ግን ድጋፍ የላቸውም፤ ለራይዘን 3 3200ጂም እንዲሁ፣ ስሙ በ3000 ቢጀምርም ውስጡ የቀደመው ትውልድ ስለሆነ። እዚህ ላይ ባዮስ ማደስ አይረዳም፤ ወይ ቦርዱ ወይ ፕሮሰሰሩ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው፣ ከቦርዱ ላይኛው ጥግ ያለው የፕሮሰሰሩ የኃይል መሰኪያ ነው። 24 ፒኑ ብቻ ከተሰካ ፋን ይዞራል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ኃይል አያገኝም። ለፕሮሰሰሩ የሚሆነው ገመድ 4 እና 4 ሆኖ የሚከፈለው ነው፤ 6 እና 2 ሆኖ የሚከፈለው የግራፊክስ ካርድ ነው፣ በጉልበት አትግፉት። አራተኛው ራም ነው፤ ነቅላችሁ "ቀጭ" እስኪል መልሱት። ቦርዱ ላይ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ እና ቡት የተባሉ አራት ትንንሽ አምፖሎች ካሉ የትኛው በርቶ እንደቀረ እዩ፤ ግማሽ ቀን ሙከራ ያድናችኋል።

ሶኬቱ ይገጥማል፣ ግን አይሠራም

ኢንቴል ኤልጂኤ1151 የተባለውን ሶኬት ሁለት ጊዜ ተጠቅሞበታል። 6ኛና 7ኛ ትውልድ በ100 እና በ200 ተከታታይ ቺፕሴቶች (ቺፕሴት የቦርዱ ዋና ቺፕ ነው)፣ 8ኛና 9ኛ ትውልድ በ300 ተከታታይ። ቅርጹ አንድ ስለሆነ አይ5-9400ኤፍ ኤች110 ላይ ይቀመጣል፤ አይነሳም። በኤልጂኤ1200 ደግሞ 11ኛ ትውልድ መደበኛው ኤች410 እና ቢ460 ላይ አይሠራም፤ ኤች510 ወይም ቢ560 ይፈልጋል። በኤልጂኤ1700 ላይ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም የራም ዓይነቶች፣ ዲዲአር4ንም ዲዲአር5ንም፣ ይቀበላል፣ ቦርዱ ግን አንዱን ብቻ ነው፤ የራሙ መቁረጫ ቦታ ስለሚለያይ አይገባም። ዲዲአር4 ራም በእጁ ያለ ሰው የቦርዱን ስም መጨረሻ አይቶ ይግዛ። ከኤኤም4 በኋላ የመጣው የራይዘን ሶኬት ኤኤም5 ከዲዲአር5 ውጪ አይቀበልም።

ፒንንም እዩ። በኤኤም4 ፒኑ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ በኢንቴሎቹ ሶኬቱ ውስጥ። በስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ፣ በካሜራው አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ረድፉ የተበጠረ ጸጉር መስሎ ካልታያችሁ አንዱ ታጥፏል። የኤኤም4 ኩለር (ማቀዝቀዣ) ሲነቀል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተሳበ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የተቀባው የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ይዞት ይወጣል። ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉና ከመብራት ንቀሉት፣ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያዟዟራችሁ አላቁት።

ሲጀምር ጥሩ ነው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል

ይህ ሙቀት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚወስደው በአየር ስለሆነ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ያንሳል። የጦሳ ተራራ ብርድ ይህን ያካክሰዋል፤ ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ወርዶ ግን ክፍሉ ራሱ ሞቃት ነው። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የሚመጣው ኩለር ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሚበላ አትመኑበት።

የሙቀት ማሳያ ሶፍትዌር ከፍታችሁ ጌሙን አጫውቱ። ራይዘን 5 5600 በ90 ዲግሪ፣ አይ5-12400ኤፍ በ100 ዲግሪ ራሱን ማቀዝቀዝ ይጀምራል፤ ይህም ማለት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፕሮሰሰሩ እዚያ ከደረሰ ፔስቱን አጽድታችሁ መሃል ላይ የአተር ፍሬ የምታህል አድርጉ፣ ኩለሩን በአራቱም ጥግ እኩል አጥብቁ። ፕሮሰሰሩ 70 ዲግሪ ላይ ሆኖ ፍጥነቱ ከወረደ ጥፋቱ የቦርዱ ነው፤ በሶኬቱ ዙሪያ ያሉት የኃይል መቆጣጠሪያ ክፍሎች ግለዋል ማለት ነው። ኤ320 ወይም ርካሽ ኤች610 ላይ ብረት ሳይለብሱ ባዶአቸውን የተቀመጡ ከሆነ 8 ኮርና ከዚያ በላይ ያለው ፕሮሰሰር አትጫኑባቸው። አይ3-12100ኤፍን ያለ ችግር ይሸከማሉ፤ ለእኛ የኤች610 ትክክለኛ ጓደኛው እሱ ነው።

ከመጀመሪያውም ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ዝቅተኛ ነው

የካርዱንና የፕሮሰሰሩን የሥራ መጠን ጎን ለጎን አሳዩ። ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከሠራ ጤነኛ ነው፤ ሴቲንግ መቀነስ ነው። ካርዱ 60 በመቶ ላይ ቆሞ ከኮሮቹ አንዱ 100 ከደረሰ ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ እየጎተተው ነው። ፕሮሰሰር ከመቀየር በፊት ግን ራሙን እዩ። አንድ 16 ጊጋ ከማስገባት ሁለት 8 ጊጋ ይሻላል፣ በተለይ 5600ጂ ላይ፤ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ የሚኖረው በራሙ ፍጥነት ነው። አራት ስሎት ካለ ከፕሮሰሰሩ ወዲህ ሲቆጠር 2ኛና 4ኛው ላይ አድርጉ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስሮጠውን ሴቲንግ) አብሩ፤ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም እስከዚያ ድረስ በ2133 ወይም በ2400 ሊሮጥ ይችላል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ካርዱ ላይ አለ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በ4 መስመር ብቻ ነው ከቦርዱ ጋር የሚነጋገረው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 (ካርዱና ቦርዱ የሚነጋገሩበት መስመር 4ኛ ትውልድ) ባለው ቢ550 ላይ ይበቃዋል፤ ቢ450 ላይ ወይም ከ5600ጂ ጋር ወደ 3 ስለሚወርድ 4 ጊጋዋ በሞላች ቁጥር ይደነቃቀፋል። ይህ ካርድ ካላችሁ ቢ550ን ከ5600 ጋር ያዙ።

ጌም መሃል ላይ ይጠፋል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱ ይዛባል

ሰማያዊ ስክሪን ሳያሳይ ድንገት ድርግም ካለ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ከኬዝ ጋር በነጻ የመጣው ላይ "500 ዋት" ቢጻፍም በ12 ቮልቱ መስመር የሚሰጠው ስንት እንደሆነ ከጎኑ ሠንጠረዥ አንብቡ። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳትሰኩ፤ በእኛ 220 ቮልት 115 ላይ ከተሰካ ይፈነዳል።

ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለሰው ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስላለቀች ነው። ያገለገለ ቦርድ ላይ በብዛት አልቃ ትገኛለች። ጣጣው ከሰዓት ያልፋል፤ ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾችና የጌም ሰርቨሮች አያስገቡም፣ ኤክስኤምፒም አብሮ ይጠፋና ራሙ ወደ 2133 ይመለሳል። "መብራት ከሄደ ጀምሮ ጌሙ ዘገምተኛ ሆነ" የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ኤክስኤምፒን መልሱ።

ኮሩ ብዙ ነው፣ ጌሙ ግን አይሮጥም

ኤክስ99 ቦርድ ከዜዮን ኢ5-2680 ቪ4 ጋር "14 ኮር" ተብሎ ሲሸጥ ዋጋው ያጓጓል። እንደዚያ ያለ ፕሮሰሰር ለሰርቨር የተሠራ ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው፣ 120 ዋት ይበላል፣ ውስጡም ግራፊክስ የለም። ጌም ደግሞ ብዙውን ሸክም ጥቂት ኮሮች ላይ ነው የሚጥለው። ባለ 4 ኮሩ አይ3-12100ኤፍ በአብዛኛው ጌም ይቀድመዋል፣ በግማሽ ኃይል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ዜዮኑ ጥቅም አለው፤ ለጌም ብቻ ለሚፈልግ አንመክርም።

ከመክፈል በፊት

ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ ሻጩ ቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን አንድ ላይ አስነስቶ የባዮስ ገጹን በቪዲዮ ያሳያችሁ፤ የቦርዱ ስም፣ የባዮሱ ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን አንድ ገጽ ላይ ይታያሉ። ሁሉም የራም ስሎት እንደሚሠራ አንድ በአንድ ያስሞክሯችሁ። ተገጣጥሞ የሚላክ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱና ትልቅ ኩለር ከቦርዱ ተነቅለው ለብቻቸው ይታሸጉ፤ በመንገዱ መንገጫገጭ ካርዱ በክብደቱ ስሎቱን ይገነጥለዋል። የኢንቴል ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር ከተላከ የሶኬቱ ፕላስቲክ ክዳን ሳይገጠምበት ካርቶን ውስጥ እንዳይገባ።