ለአውሮፕላን ላሜራ መብሻ ጂግ በ3ዲ ፕሪንተር ማተም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወርክሾፖች

ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ፕሪንተር የሚበር ዕቃ አታትሙ። አውሮፕላን ውስጥ የሚገጠም ፕላስቲክ የእሳትና የጭስ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ለዚህ የሚውለው አልተም 9085 የተባለ ፕላስቲክ ደግሞ የማተሚያ ሳጥኑ ከ150 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ማሽን ይፈልጋል። ቲታኒየም ደግሞ በአርጎን ጋዝ የተሞላ የሌዘር ማሽን ሥራ ነው። እዚህ በደንብ የሚወጣው ላሜራ ሲበሳ ፑንታውን የሚመራው ጂግ ነው።

መጀመሪያ ፊላመንቱን (ፕሪንተሩ አቅልጦ የሚያትምበትን የፕላስቲክ ክር) አድርቁ፤ ፔትጂ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ በ65 ዲግሪ ለ6 ሰዓት። የክረምቱ የደሴ ጉም ክፍት የተተወ ጥቅልል ውስጥ ይገባል። ኖዝሉ (የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት ጫፍ) ጠሽ ጠሽ ካለ ውሃው እየተነነ ነው፤ አረፋ ይተውና ጂጉ በንብርብሩ ይሰነጠቃል። የወጥ ቤት ኦቨን አትመኑ፤ 80 ዲግሪ ከደረሰ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ኖዝል 0.4፣ ንብርብር 0.2 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳ 5 ዙር፣ የውስጥ ሙሌት 40 በመቶ ይበቃል። ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቁም፤ ካጋደማችሁት ሞላላ ይሆናል። አስቀድማችሁ 100 ሚሊ ሜትር ዘንግ አትሙና በካሊፐር ለኩ፤ 99.6 ከወጣ ሥዕሉን 100.4 በመቶ አድርጉት።

ዋናው ነገር የብረት ቡሽ፣ ማለትም ፑንታው የሚያልፍበት አጭር ቱቦ ነው። ያለ ቡሽ ፑንታው ፕላስቲኩን አሙቆ ይበላዋል፣ መምሪያውም ቶሎ ይሰፋል። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት (ላሜራ ማያያዣ ምስማር) 30 ቁጥር ፑንታ (3.26) ያዙ፤ ቶርኖ ቤት ውስጡ 3.3፣ ውጩ 8 የሆነ ቡሽ አስቀርጻችሁ አጠንክሩት። ፕላስቲኩን በ7.7 አትሙ፣ በ8 ሪመር (ቀዳዳ አስተካክሎ ማስፊያ) አስፉት፣ ቡሹን በኢፖክሲ አጣብቁ። በካውያ አሙቆ መክተት ፈጣን ይመስላል፤ ግን ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ቡሹ ያጋድላል፣ ያ ደግሞ በዓይን አይታይም። የመጀመሪያው ቀዳዳ መሃል ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ 6.4 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ የሪቬቱ ውፍረት እጥፍ መሆኑ ነው።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ «ካቆመበት ቀጥል» የሚለውን ተዉት። ሥራው ሲበርድ ከመደቡ ይላቀቃል፣ የተቀጠለበት መስመርም ደካማ ነው። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ይህን ያድናል።

ሲያልቅ ቁራጭ ላሜራ ብሱበትና የቀዳዳዎቹን ርቀት ሥዕሉ ከሚፈቅደው ልዩነት ጋር አስተያዩ። የፑንታውን ቁጥርና ቀኑን ጂጉ ላይ ጻፉ። ፒኤልኤ በሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ አትሥሩት፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቢቀር ይጣመማል።