ስላይዱ ላይ ያለው ታካሚ ደሴ አይመጣም፦ በኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና ሥልጠና ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ፋርማሲስቶች የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች) ሱስ እንዴት እንደሚታከም አሠለጥናለሁ። እዚህ የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ ማንንም ልወቅስ አይደለም።

የመጀመሪያው የሰው አገር ታካሚ ይዞ መምጣት ነው። የኔ የመጀመሪያ ስላይዶች ሄሮይንና ፈንታኒል ብቻ ነበሩ። ጭራሽ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሱስ ሕክምና የሚሰጠውን ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ያስፈልግ እንደነበር፣ ፈቃዱም በፈረንጆቹ 2022 መገባደጃ ላይ በሕግ መቅረቱን፣ ከዚያ የ8 ሰዓት ሥልጠና ግዴታ መሆኑን ሳብራራ ግማሽ ቀን በላሁ። ሰው ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ይጽፋል። ከኋላ አንዲት የኮምቦልቻ ነርስ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኔ ጋ የሚመጣው ትራማዶል የለመደ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እሱን ምን ልበለው?» ስላይዱ ላይ ስለ ትራማዶል፣ ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ መልስ አልነበረም። አሁን የምጀምረው ከሾፌሩ ነው። የጅቡቲ መንገድ ወገቡን የበላው ሾፌር፣ በ2014ቱ ጦርነት ቆስሎ ቁስሉ ሲድን ክኒኑ ያልለቀቀው ሰው፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ መግዛት የለመደ የቀን ሠራተኛ።

ሁለተኛው፣ ታካሚው «ሱስ አለብኝ» ብሎ ይመጣል ብሎ ማስተማር። አይመጣም። «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሆዴን ይቆርጠኛል» ነው የሚለው። እናንተ ግን ፊቱን እዩት። ደጋግሞ ያዛጋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፣ ክንዱ ላይ ፀጉሩ ቆሟል፤ ይሄ መድኃኒቱ ሲቋረጥበት የሚመጣ ሕመም ነው። ደሴ ላይ ይሄን የጦሳ ብርድ ነው ብለን ፓራሲታሞል ሰጥተን እንሸኛለን፣ ካርዱ ላይም ጉንፋን ብለን እንጽፋለን። ኮምቦልቻ ላይ በቀትር ፀሐይ ገላው ውርር ያለ ሰው ካያችሁ ግን ብርዱ ከየት መጣ በሉ። ከዚያ «መጨረሻ የወሰድከው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ አስታማሚውን ትንሽ ወጣ በሉልን ብሎ።

ትራማዶልን እንደ ማንኛውም ኦፒዮይድ ብቻ ማስተማርም ያሳስታል። ትራማዶል ኦፒዮይድ ቢሆንም አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊንንም ይነካል። ስለዚህ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ እኛም የሚጥል በሽታ ብለን እንይዘዋለን። ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ አንዳንዱ ከባድ ድንጋጤ ይይዘዋል፣ የሌለ ነገር ይሰማዋል ወይም ያያል፣ ቤተሰብም ጸበል ወይም ሩቅያ ይወስደዋል። ይውሰዱት፣ አልከለክልም፣ ግን መድኃኒቱን ማንም ሳይጠይቅ ከቀረ ልጁ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ናሎክሶን (የበዛ ኦፒዮይድን የሚያከሽፍ መርፌ) ላይ ደግሞ ሁላችንም እንቸኩላለን። አንድ ሰው ኦፒዮይድ በዝቶበት ትንፋሹ ሲቆራረጥ የመርፌውን ብልቃጥ ፍለጋ ወደ መድኃኒት ክፍል እንሮጣለን፣ ሰውየው እዚያው ይጠቁራል። መጀመሪያ አየር። አገጩን ቀና፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት)፣ ከዚያ ናሎክሶን። ግቡም ትንፋሹ እንዲመለስ እንጂ ብድግ ብሎ እንዲቀመጥ አይደለም። ከትራማዶል የመጣ መንቀጥቀጥን ናሎክሶን አያቆምም፣ ይሄንንም ንገሯቸው። ሌላው ሰዓቱ ነው። ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያህል ነው፣ የዋጠው መድኃኒት ግን ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ነቃ፣ እናትየው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ባጃጅ ተጠራ... ሌሊት ቤቱ ተኝቶ ትንፋሹ እንደገና ሊቆም ይችላል። ባጃጁን መልሱት፣ ሰውየው ይቆይ።

አሁን ወደ ትልቁ። «ከሰውነቱ ካስወጣንለት ዳነ» ብሎ ማስተማር ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። አንድ ሳምንት አስተኝተን፣ ምልክቱ ሲጠፋ እንሸኘዋለን። ሰውነቱ የለመደውን መጠን ረስቷል፣ እሱ ግን አልረሳም። በድሮው ልክ ሲመለስ ያ መጠን ሊገድለው ይችላል። ራሳቸውም ኦፒዮይድ የሆኑት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ከ2005 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡት ለዚህ ነው፣ ለሳምንት ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ይሰጣሉ።

ይሄን ስትሉ አንድ ሰው መነሳቱ አይቀርም፦ «ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?» እባካችሁ ጥያቄውን ዘላችሁ አትለፉ፣ ክፍሉን የምታጡት እዚህ ጋ ነው። እኔ በረመዳን ነው የማስረዳው። አጭር ጊዜ የሚሠራ መድኃኒት የለመደ ሰው ሱሑር ላይ ቢውጥ ከቀትር በኋላ ይታመማል፣ ያልበዋል፣ ሆዱ ይቆርጠዋል፣ ሥራውንም ጾሙንም ይተዋል። በቀን አንድ ጊዜ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን መውሰድ የጀመረ ሰው ከአፍጥር በኋላ ወስዶ እስከ ነገ ማታ እንደማንኛውም ሰው ይውላል። ሃይማኖታዊ ብይኑን ለሚያውቁት ትቼ፣ በሕክምና በኩል ልዩነቱ ይሄ ነው። ሞቅ የሚለው ጠፍቶ ሥራ የሚውል ሰው ቀረ።

አጀማመሩን ስታስተምሩ ሁለቱን አታምታቱ። ቡፕረኖርፊን የማቋረጥ ሕመሙ ምልክት በደንብ ሳይጀምር ከተሰጠ ሕመሙን ራሱ ያስነሳዋል፤ አጭር ጊዜ ከሚሠሩት ቢያንስ 12 ሰዓት ያህል ይጠበቅ። ሜታዶን ደግሞ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፣ «ዛሬም አልበቃኝም» ባለ ቁጥር በየቀኑ መጨመር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ያስገድላል።

ካርድ ክፍልን መርሳት። አንድ ሠልጣኝ ያስተማርነውን አንድ በአንድ ሠራ፣ ልጁም ቀጠሮውን አክብሮ መጣ። ከመስኮቱ ጀርባ ግን «ያ የትራማዶሉ ልጅ!» ተብሎ በኮሪደሩ ተጠራ። ጎረቤቱ እዚያ ቆማ ነበር። ልጁ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ካርድ የሚያወጡትንም ጥበቃዎቹንም ለአንድ ሰዓት እጠራቸዋለሁ። ኦፒዮይድ ምን እንደሆነ አላስተምራቸውም። በስሙ ጥሩት፣ «አብሽር፣ ተቀመጥ» በሉት፣ በቃ።

አንዱን ደግሞ ያየሁት በሻይ ሰዓት ነው። ጠዋት ስለ ፔቲዲን (ሆስፒታል ውስጥ በመርፌ ስለሚሰጥ ኦፒዮይድ) ሳወራ «የመድኃኒት ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብዬ ቀልጄ ነበር። ሁሉም ሳቀ። እጄን ስታጠብ አንድ ሠልጣኝ ጠጋ ብሎ «አንድ ጓደኛዬ አለ፣ ስንት ቀን ነው የሚያመው?» አለኝ። ጓደኛ እንዳልሆነ ገባኝ። ለጓደኛው እንደሆነ አድርጌ መለስኩለት፣ ስልኬንም ሰጠሁት። ቀልዱን ያኔ ነው የተውኩት። ስልኬን አሁን መጀመሪያውኑ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ማንም እጁን እንዲያወጣ አላደርግም።

የመጨረሻው ሦስት ቀን አሠልጥኖ፣ ሰርተፍኬት ሰጥቶ፣ አበል አስፈርሞ መጥፋት ነው። ሰው የሚሳሳተው በአራተኛው ቀን ነው፣ ያኔ እኛ የለንም። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ካርዶቹን አብረን እንገልጣለን። ባለፈው ጉንፋን ተብለው የተመለሱ ሁለት ካርዶች ነበሩ፣ አንዱ የሾፌር ነው፣ ነርሷ ደውላ ልትጠራው ነው።