«ላጤ አላከራይም»፦ በጅምላ መናገር መቼ እንደሚያዋጣ፣ መቼ እንደሚያከስር

ደሴ ቤት ስፈልግ ደላላው ሦስት ግቢ አዞረኝ። ሦስተኛው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነበር። ንጹሕ ክፍል፣ ውሃ ያለው፣ ኪራዩም የሚቀመስ። የቤቱ ባለቤት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ባለትዳር ነህ የኔ ልጅ?»

«አይደለሁም እማማ።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ላጤ አላከራይም። ላጤ ሁሉ አንድ ነው።»

በሩ ተዘጋ። ደላላው ሳቀ። ስሙ ራሱ «አይጠየፍ» የሆነ አዳራሽ ባለበት ከተማ በላጤነቴ ተጠየፍኩ ብዬ ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ተንጨረጨርኩ፤ የደሴ አከራይ ሁሉ ልቡ ደንዳና ነው፣ ሰው አያውቅም፣ እያልኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ነው የነቃሁት። በዕድሜዬ ያነጋገርኩት የደሴ አከራይ ስንት ነው? ሦስት። ከሦስቱም ሁለቱ ቤታቸው ተይዞ እንጂ አልከለከሉኝም።

ስለዚህ ይቺን ጽሑፍ ከመምህር ሳይሆን ከአጥፊ እንደመጣች ቁጠሯት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። «በጅምላ አትናገር» የሚል ምክር በደፈናው ከተወሰደ ራሱ የጅምላ ንግግር ነው። ያለ ጅምላ ከቤት መውጣትም አይቻል። እኔ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ጃኬት እይዛለሁ፤ ደሴ ይበርዳል ብዬ። ሰማይ አላየሁ፣ ትንበያ አልሰማሁ። ግን ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ «ደሴ ይበርዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከኋላው ምክንያት አለው፤ አንድ ቀን ፀሐይ ቢያቃጥለኝም አይፈርስም። ብሳሳት ደግሞ ኪሳራዬ ምንድን ነው? ጃኬት ተሸክሞ መዋል። በቃ።

እንግዲህ አንድ የጅምላ ሐሳብ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ሲገባ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ምክንያትህ ምንድን ነው? ብትሳሳትስ ዕዳውን የሚከፍለው ማነው? «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለው ሰው ለማሾፍ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሮጠው ሰው ብልህ ነው። ልጡን እባብ መስሎት ቢሸሽ ልጡ አይከፋውም። ሰው ግን ልጥ አይደለም። እማማ ሲሳሳቱ ሜዳ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ምንም አልከፈሉም። ስሕተቱ ሌላ ሰው ላይ የሚያርፍ ከሆነ ሐሳቡን ለጥንቃቄ ያዙት፣ ለፍርድ ግን አታውጡት።

ቀጥሎ ቁጠሩ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በጣት ቁጠሩ። «የሚኒባስ ረዳት ሁሉ መልስ ይበላል» እል ነበር። አንድ ወቅት ነገሩ ሲበዛብኝ ለሁለት ሳምንት በየጉዞው ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ መልስ ሰጠ፣ አልሰጠም። ያልሰጠኝ ሁለቴ ብቻ ነው፤ አንዱን ደግሞ ሳልጠይቀው ነው የወረድኩት። ታዲያ ለምን ሁሉም መሰለኝ? መልሱን ቆጥሮ እጄ ላይ ያስቀመጠውን ረዳት ማን ያስታውሰዋል? የበላኝን ግን መልኩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ንዴት ጥሩ መዝጋቢ አይደለም፤ የሚመዘግበው አንድ ወገን ብቻ ነው።

ሌላው ወጥመድ መገልበጥ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ። ፋብሪካው ውስጥ ከሚሠራው ሰው አብዛኛው የኮምቦልቻ ነዋሪ ነው ብትሉ አልከራከርም። ግን የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ ባልኩ ቁጥር «የቱ ፋብሪካ ነህ?» ይሉኛል። ፋብሪካ በር ረግጬ አላውቅም! እማማም ያደረጉት ይሄንኑ ነው፤ ያስቸገራቸው ሰው ላጤ ነበር፣ ስለዚህ ላጤ ያስቸግራል። ዓረፍተ ነገሩን ገልብጡትና አሁንም እውነት መሆኑን እዩ።

ሙገሳም አያስጥልም። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ስለሆነ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ዝፈን እባላለሁ። ድምፄን የሚያውቁት ጎረቤቶቼ ግን ዝም እንድል ነው የሚለምኑኝ። ይሄ እንኳ ያስቃል። «ወሎዬ ፍቅር ነው፣ አይጣላም» የሚለው ግን የእውነት ቅሬታ ያለውን ሰው አፉን ያስይዘዋል።

ስም ሰምቶ መገመትም እኛ ጋ አያዋጣም። አንድ ሰርግ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ፣ እንግዳውን በስሙ ገምቼ ወደ ክርስቲያኑ ድንኳን ወሰድኩት። የሱ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ የሙስሊም፤ ሰውዬው ራሱ ሙስሊም። ወጡ ቀርቦ እጁን ታጥቦ ነው «ወንድሜ፣ ሥጋው የየትኛው ነው?» ያለኝ። አፈርኩ። ደጋሹ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ያሳረደው እኮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይመጣ ነበር። «በየትኛው ይሁንልዎ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ሰው በአነጋገሩ ዘዬ ብቻ ሲጠረጠር ሰምተናል። ያኔ «ዕዳውን የሚከፍለው ማነው» የሚለው ጥያቄ ስለ ጃኬትም ስለ ኪራይም አልነበረም። እዚህ ላይ ብዙ አልልም።

ሌላ ሰው በጅምላ ሲናገርስ? ስብከት አትጀምሩ፣ ማንም አይሰማችሁም። የትኛው? ማን ነበር? ብላችሁ ጠይቁ፣ ለማፋጠጥ ሳይሆን ለመስማት። በማግስቱ እማማ ጋ ተመለስኩ።

«እማማ፣ ያስመረርዎት የቱ ላጤ ነው?»

አፈሰሱት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር በር እየደበደበ ይገባል፤ ሲወጣም የሁለት ወር መብራት ሳይከፍል ነው የጠፋው።

«ከሱ በፊትስ ማን ነበር?»

«ከሱ በፊት አንድ መምህር ነበር። እሱ እንኳ ደህና ልጅ ነው፣ ስታመም ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው።»

«ባለትዳር ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉ። «አይ፣ እሱም ላጤ ነበር።» ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ልብ በሉ፣ ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በሩ በእውነት ተደብድቧል፣ መብራቱም በእውነት አልተከፈለም። ስለዚህ ፍርሃቱን አልተከራከርኩትም፤ በችርቻሮ ተነጋገርነው። በር የሚዘጋው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ የመብራት በየወሩ መጀመሪያ፣ እንግዳ ካለ አስቀድሞ መናገር። ተስማማን፣ ቀብድ ከፈልኩ። እናንተም የምትፈሩትን ነገር ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። «ላጤ ነህ ወይ?» የሚለው ስለ መብራት ክፍያ ምንም አይነግራችሁም።

አንዲት ነገር ብቻ ትቅር። ከወራት በኋላ እማማ ቡና እየቀዱልኝ «አንተ እኮ ትለያለህ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ይቺ ቃል ተንኮለኛ ናት። መምህሩ ይለያል፣ እኔ እለያለሁ፣ የሚመጣውም ይለያል፤ «ላጤ ሁሉ አንድ ነው» ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። «ትለያለህ» ስትሉ ራሳችሁን ከያዛችሁ፣ ስንተኛው የሚለይ ሰው እንደሆነ ቁጠሩ።

ቤቱን ከለቀቅሁ በኋላ ባለፈው ደወሉልኝ።

«የኔ ልጅ፣ እንዳንተ ያለ ላጤ ካለ ላክልኝ።»

«ባለትዳር አይሻልም እማማ?»

«ኧረ በስመ አብ! የባለትዳር ልጅ ሁሉ ግድግዳ ላይ ነው የሚጽፍ።»