ህንድን በየቋንቋዋ ለማንበብ ከየት ይጀመራል?

«የህንድ ልብ ወለድ ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ጥያቄ ነው፦ በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት 22 ቋንቋዎችን ይዘረዝራል። ሳሂትያ አካዳሚ የተባለው ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ተቋም ደግሞ በ24 ቋንቋዎች ይሸልማል። ሂንዲና ታሚል በዘር እንኳ አይገናኙም። አማርኛና ኦሮምኛ ከእነሱ ይልቅ ይቀራረባሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቋንቋ ምረጡ። ከሁሉም ልቅመስ ካላችሁ ይምታታባችኋል። እኔ ብሆን ከደቡብ፣ ከኬረላ ግዛት ቋንቋ ከማላያላም እጀምራለሁ። ድሮ በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን ህንዳውያን ብዙዎቹ የዚያ ሰዎች ነበሩና፣ ቀያቸውን ማየት ደስ ይላል። የታካዢ ሲቫሳንካራ ፒላይ «ቼሚን» (1956፣ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዓሣ አጥማጆች ታሪክ ነው። ባል ባሕር ላይ ደህና የሚሆነው ሚስቱ ከታመነችለት ነው ብለው ያምናሉ። ሸክሙ ማን ላይ እንደሚያርፍ መገመት አያቅትም።

ረጅም ልብ ወለድ የሚከብዳችሁ ከሆነ በአጭር ልብ ወለድ ግቡ። ለዚህ ካነዳ የተባለው ሌላው የደቡብ ህንድ ቋንቋ (ካናዳ ከምትባለው አገር ጋር አይገናኝም) ጥሩ በር ነው። የባኑ ሙሽታቅ 12 ታሪኮች በ2025 የዓለም አቀፉን ቡከር ሽልማት አግኝተዋል። ጸሐፊዋ ጠበቃም ናት። የምትጽፈው ስለ ደቡብ ህንድ ሙስሊም ሴቶች ነው።

ከዚያ ሽፋኑን አገላብጡ። መጽሐፉ ከየትኛው ቋንቋ እንደተተረጎመ፣ ማን እንደተረጎመው ፈልጉ። ብዙዎቻችን የምናገኘው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ስለሆነ፣ ይህን ሰው ማወቅ ግዴታ ነው ባይ ነኝ። የሙሽታቅ ተርጓሚ ዲፓ ባስቲ የካነዳ ቃላትን በሰያፍ ፊደል መለየት አልፈለገችም፤ የግርጌ ማስታወሻም አልጨመረችም። የቪቬክ ሻንባግ አጭር ልብ ወለድ ርዕስ «ጋቻር ጎቻር» ደግሞ ካነዳም አይደለም። አንድ ቤተሰብ ለተወሳሰበ ነገር የፈጠረው የቤት ቃል ነው። ተርጓሚው እንዳለ ተወው፣ ደግ አደረገ። «ጉርሻ»ን በሌላ ቋንቋ ለማስረዳት የሞከረ ሰው ይገባዋል። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ ስልክ አታውጡ። ሁለት ገጽ ታገሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገለጣል።

መጽሐፉን ስትጨርሱ በአገሩ ምን እንደገጠመው ጠይቁ። ታሚላዊው ፔሩማል ሙሩጋን ልጅ ስላጡ ባልና ሚስት በጻፈው ልብ ወለድ ተቃውሞ ቢበዛበት፣ በጥር 2015 «ደራሲው ሞቷል» ብሎ በፌስቡክ አስታወቀ። በ2016 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ እሱም ወደ ብዕሩ ተመለሰ።

በመጨረሻ ጓደኞቻችሁን ቡና ጥሩ። እያንዳንዱ ከአንድ ቋንቋ አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። አንዱ ቤንጋሊ፣ አንዱ ማራቲ፣ አንዱ ኡርዱ። ሂንዲ የደረሰው ሰው «ፊልሙን አይቼዋለሁ» ካለ፣ ሁለተኛውን ዙር እሱ ያፍላ።