ዕረፍቱ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፦ ልጆች ይዞ በባቡር መውጣት

የባለቤቴ የዓመት ፈቃድ ሁልጊዜ የሚጸድቀው በመጨረሻ ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት "ተፈቀደልኝ" ብሎ ይደውላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኔ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 13፣ መካከለኛው 8፣ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከወራት በፊት ትኬት ቆርጦ ለሚጠብቅ ሰው አይደለም። ዛሬ አስቦ ከነገ ወዲያ ለሚነሳ ቤተሰብ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ከተማ መርጣችሁ ባቡር አትፈልጉ። መቀመጫ ያለው ባቡር ፈልጉ፣ ከተማውን እሱ ይምረጥላችሁ። ብዙ ወላጅ መጀመሪያ ለልጆቹ የቦታ ስም ጠርቶ ቃል ይገባል። ትኬቱ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ቤቱ በልቅሶ ይታመሳል። እኔ ለልጆቼ "ባቡር እንሳፈራለን፣ እንዋኛለን" ብቻ ነው የምላቸው። መዋኛ በየአቅጣጫው አይጠፋም።

ፍለጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዞው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። ባቡሮቹን በሁለት ክፈሏቸው። አንደኛው መቀመጫ ሳይያዝ የማይሳፈሩበት ነው። የፈረንሳዩ ቴዤቬ እና የስፔኑ አቬ የተባሉት ፈጣን ባቡሮች እንዲህ ናቸው። ከሞላ ሞላ ነው፣ ቆሞ መሄድ የለም። ቀኑ በቀረበ ቁጥርም ርካሾቹ ትኬቶች አልቀው ውዶቹ ይቀራሉ። ሁለተኛው በየከተማው እየቆመ የሚሄደው ባቡር ነው። ብዙውን ጊዜ የመቀመጫ ቁጥር የለውም። ዋጋውም በርቀት ነው የሚተመነው፤ ከወር በፊት ብትገዙም፣ ሊነሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ብትገዙም ለውጥ የለውም። በመጨረሻ ሰዓት ለሚነሳ ቤተሰብ ባለውለታው ይሄኛው ነው። ፈጣኑ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያደርሰውን እሱ በሦስት ሰዓት ያደርሳል፤ ይሁን። ሕፃን ለያዘ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚቆም ባቡር ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ልጁ ከተረበሸ ወርዳችሁ ቀጣዩን ትጠብቃላችሁ። ግን ከመውረዳችሁ በፊት ትኬታችሁ መሃል ላይ ማቋረጥ እንደሚፈቅድ እዩ።

ፈጣኑን ባቡር የግድ ከፈለጋችሁ "ሞልቷል" የሚለውን ቶሎ አትመኑት። ለአምስት ሰው ስፈልግ የለም ያለኝ ባቡር፣ ሦስትና ሁለት አድርጌ ስፈልግ ብዙ ጊዜ ተገኝቶልኛል። እኔ ከሁለት ልጆች ጋር በአንድ ፉርጎ፣ ባለቤቴ ከትልቋ ጋር በሌላው። ይህን ስታደርጉ ሁለቱም ትኬቶች ላይ አዋቂ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ሌላው ዘዴ መነሻውን ወይም መድረሻውን በአንድ ጣቢያ መለወጥ ነው። ከትልቁ ጣቢያ ይልቅ ከእሱ በፊት ካለው ትንሽ ጣቢያ መሳፈር፣ ወይም አንድ ጣቢያ ቀድሞ መውረድ። ማታ ማታም ደጋግማችሁ ክፈቱት፤ ሰው ሲሰርዝ የተመለሱ መቀመጫዎች ብቅ ይላሉ።

አንዳንድ አገር ለመጨረሻ ሰዓት ተጓዥ ተብሎ የሚቀመጥ ድርሻ አለ። በህንድ ይህ ታትካል ይባላል። ባቡሩ ከመነሻ ጣቢያው ከሚወጣበት ዕለት አንድ ቀን ቀድሞ ነው የሚከፈተው፦ አየር ማቀዝቀዣ ላላቸው ፉርጎዎች ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ለሌሎቹ 5 ሰዓት ላይ። ከመደበኛው ይወደዳል። መቀመጫው ከተረጋገጠላችሁ በኋላ ብትሰርዙትም ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ሰዓቱ ሳይደርስ የሁሉንም ስምና ዕድሜ ጽፋችሁ አዘጋጁ።

ስለ ቀኑ ብዙ አልልም። ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ዓርብ ከሰዓት እና ዕረፍቱ የሚያልቅበትን እሑድ ማታ ሽሹ። ማክሰኞና ረቡዕ ረፋድ ላይ ባቡሩ ይተነፍሳል። የጎረቤት አካባቢ ትምህርት ቤቶች መቼ እንደሚዘጉም እዩ። ፈረንሳይ በየካቲትና በሚያዝያ አካባቢ ያሉትን የትምህርት ቤት ዕረፍቶቿን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብላ በሦስት ዞን ከፍላ በተለያየ ሳምንት ትሰጣለች። በጀርመንም የዕረፍቱ ቀን ከክልል ክልል ይለያያል። የናንተ ልጆች ዕረፍት ላይ ሆነው የመድረሻው ከተማ ልጆች ትምህርት ላይ ከሆኑ፣ ባቡሩም መዋኛውም ገለል ይልላችኋል።

ክፍያው ላይ ግን ቀስ በሉ። የልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው እንደየአገሩ ነው። በጀርመን የረዥም ርቀት ባቡር ከ6 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር በነፃ ይሄዳል፤ ነገር ግን ትኬቱ ሲገዛ ልጁ መመዝገብ አለበት። በነፃ ነው ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። በጃፓን ከ6 እስከ 11 ዓመት ያለው ግማሽ ይከፍላል። ከ6 በታች ያሉት፣ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ልጅ፣ በነፃ ናቸው፤ ለብቻቸው የተያዘ መቀመጫ ከፈለጋችሁላቸው ግን የልጅ ዋጋ ይከፈላል። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ወሳኝ ናት። ነፃ ማለት መቀመጫ አለው ማለት አይደለም። የ3 ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ጭን ላይ ይቀመጥ ይሆናል፤ ሦስት ሰዓት ግን አይቀመጥም። እኔ ሌላ ቦታ ቆጥቤ ለትንሹ መቀመጫ እገዛለታለሁ።

መቀመጫ መምረጥ ከተቻለ፣ ጠረጴዛ ከመሃል ያለውን አራት መቀመጫ ያዙ። አምስተኛው ሰው ከመተላለፊያው ማዶ ይቀመጥ። መካከለኛው ልጄ ወደ ኋላ እያየ ከሄደ ያቅለሸልሸዋል፤ እሱን ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በሚያይ መቀመጫ፣ መስኮት ዳር አደርገዋለሁ። የመቀመጫ ካርታው ካለ ደግሞ መስኮቱን በደንብ እዩት። አንዳንዱ "መስኮት ዳር" የተባለ ቦታ ግድግዳ ብቻ ነው። ሽንት ቤቱ በፉርጎው የትኛው ጫፍ እንዳለም ያሳያል፤ ከዚያ አትራቁ፣ በሩ አጠገብ ግን አትሁኑ። በስዊዘርላንድና በፊንላንድ አንዳንድ ባለ ፎቅ ባቡሮች የልጆች መጫወቻ ያለበት ፉርጎ አላቸው። እንዲህ ያለው ከተገኘ ከመስኮቱም ከጠረጴዛውም በፊት እሱን ምረጡ።

መሄጃውን ከመግዛታችሁ በፊት መመለሻውን ፈልጉ። አዎ፣ መመለሻውን። ሲሄዱ ቀኑን አንድ ቀን ወደፊት መግፋት ይቻላል። ስትመለሱ ግን ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት አለ፣ ሥራ አለ። የመመለሻው መቀመጫ ካልተገኘ ያ ከተማ ይቅር፤ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሻንጣ፦ ለአንድ ሰው አንድ፣ ራሱ የሚሸከመው። ትንሹ የራሱን ቦርሳ ይዞ ሁለት መጫወቻ ይጨምርበታል። ግዙፍ ሻንጣ ባቡር ውስጥ ማስቀመጫ ያጣል። በጃፓን ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ በሚሄደው ሺንካንሰን በተባለው ፈጣን ባቡር ላይማ ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ሻንጣ አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው። የሕፃኑ ጋሪ የሚታጠፍ ይሁን። ስንቁን፣ ውኃውን፣ እርጥብ መጥረጊያውንና አንድ ቅያሪ ልብስ ከላይ በሚከፈት ቦርሳ ያዙ። ትኬቱን በሁለት ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ የአንዱ ባትሪ ያልቃል። ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ የልጆቹን ፓስፖርት ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት አውጥታችሁ ቀኑን እዩ። ከለንደን ወደ ፓሪስ እንደሚሄደው ዩሮስታር ባሉት ባቡሮች ደግሞ የፓስፖርት ቁጥጥሩ ከመሳፈር በፊት ስለሆነ፣ ባቡሩ በሚነሳበት ሰዓት ጣቢያ ብትደርሱ አትሳፈሩም።

አሁን መሳፈሩ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ክፍል ይህ ነው፤ ለዚህም ነው ቤት ሳለን የምናወራው። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ፉርጎአችን የት እንደሚቆም ሰሌዳው ላይ አይተን እዚያ እንቆማለን። በሩ ሲከፈት የሚወርዱት ይወርዳሉ። መጀመሪያ ትልቋ ትገባና ቦታውን ትይዛለች። ቀጥሎ ባለቤቴ ትንሹን አቅፎ፣ ከኋላው መካከለኛው የአባቱን ቦርሳ ማንጠልጠያ ይዞ ይገባል። እኔ ሻንጣዎቹን ከታች እያቀበልኩ መጨረሻ ላይ እገባለሁ። ሻንጣ ቢቀር ይቅር፤ ልጅ ግን መድረኩ ላይ ከኔ ኋላ አይቀርም። ስልክ ቁጥራችንን በማይለቅ እስክሪብቶ እጃቸው ላይ እጽፋለሁ፤ ከክንድ ውስጥ በኩል፣ እንዳይታጠብ። ከተለያየን ሕጉ ሁለት ነው። ባቡሩ ይዞት የሄደ ልጅ ለባቡሩ ሠራተኛ ነግሮ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፣ ከወረደበት መድረክም አይነቃነቅም። መድረኩ ላይ የቀረ ልጅ ደግሞ ባለበት ይቆማል። ፈላጊዎቹ እኛ ነን፣ እነሱ አይፈልጉንም። መካከለኛው ይህን አሁን እንደ ስሙ ያውቀዋል።

ባቡር መቀየር ካለባችሁ ድረ ገጹ የሚሰጣችሁን ስድስት ደቂቃ አትቀበሉ። እሱ የሚያሰላው ለብቻው ለሚሮጥ ሰው ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያለበትን ምረጡ። ሽንት ቤት አለ፣ ሊፍት መጠበቅ አለ፣ የወደቀ ጫማ አለ። ትኬቱንም የሚቻል ከሆነ እስከ መጨረሻው ድረስ በአንድ ግዙ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአንድ ትኬት እየሄዳችሁ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁና መድረሻችሁ ላይ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የምትዘገዩ ከሆነ፣ በሌላ ባቡር እንድትደርሱ ማድረግ የባቡር ድርጅቱ ግዴታ ነው፤ ወይም ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ። ለየብቻ የተገዛ ትኬት ግን ያመለጠው አመለጠ ሊባል ይችላል። ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ የትኬቱን ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መዘግየቱ ከድርጅቱ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልመጣ በቀር። ስለዚህ የዘገየበትን ደቂቃ የሚያሳየውን ሰሌዳ በስልክ አንሱት፣ ትኬቱንም ቤት እስክትገቡ አትጣሉት።